የዶሮ ወጥ በካምፓላ፤ የቤተሰብ ትዝታ እንደ ታሪክ ምንጭ

ታሪክ ሲባል በተማሪዎቻችን አእምሮ ቶሎ የሚመጣው የነገሥታት ስም፣ የጦርነት ዓመተ ምሕረትና የውል ስምምነት ነው። ከእሳት ላይ የተጣደ ድስት የታሪክ ምንጭ ሊሆን ይችላል ቢባል የሚቀበል ተማሪ ጥቂት ነው። እኛም በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የታሪክ ማስተማር ዘዴ የምናስተምር ሆነን ሳለ ይህን ጉዳይ በሚገባ የተረዳነው ከአገራችን ርቀን፣ በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ በአንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ማድ ቤት ውስጥ በተሳሳትንበት ዕለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ስሕተታችንንና ከስሕተቱ ያገኘነውን ትምህርት ለሥራ ባልደረቦቻችንና ለተማሪዎች ለማካፈል እንሞክራለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

በቀዳም ሥዑር ማታ

ካምፓላ በኮረብቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ከመሀል ከተማው ተነሥቶ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወርደው በጋባ መንገድ ላይ ካባላጋላና ካንሳንጋ የሚባሉ ሰፈሮች አሉ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች የከፈቷቸው ምግብ ቤቶች በብዛት የሚታዩት በእነዚሁ ሰፈሮች ነው። ካባላጋላ የሚለው ቃል በአገሩ ቋንቋ በሉጋንዳ ከሙዝና ከካሳቫ ዱቄት ተለውሶ የሚጠበስ የቂጣ ዓይነት መጠሪያ ጭምር ስለሆነ፣ ሰፈሩ የምግብ ስም የያዘ ሰፈር ነው ለማለት ይቻላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአጭር ሥልጠና ወደ ካምፓላ የሄድን ሦስት መምህራን ለፋሲካ በዚያ አካባቢ በሚኖሩ አንዲት እናት ቤት ተጋበዝን። እኒህ እናት ከደብረ ማርቆስ አካባቢ የወጡት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ በኬንያ ጥቂት ዓመታት ከቆዩ በኋላ፣ በ1986 በካምፓላ ጦርነቱ ጋብ ሲል ወደዚያ ተሻግረው ቤት የመሠረቱ ናቸው። እኛም ሥራ እናግዝ በሚል ሰበብ በዋዜማው፣ በቀዳም ሥዑር ማታ ደረስን።

የ55 ቀን ጾም የሚፈታበት ሌሊት ስለሆነ ማድ ቤቱ በሥራ ተይዞ ነበር። እማማ ደቅቆ የተከተፈውን ቀይ ሽንኩርት በትልቅ ድስት ጥደው፣ ውሃው እስኪመጥና መልኩ እስኪለወጥ ያለ ዘይት ያቁላሉ ነበር። ከአዲስ አበባ በመንገደኛ የመጣላቸውን በርበሬ ጨመሩበት፤ እንዳያርም ውሃ ጠብ እያደረጉ ደጋግመው አማሰሉት። በሎሚና በጨው ታጥቦ ውሃው እስኪጠራ የተለቀለቀው የዶሮ ሥጋ በሌላ ሳሕን ላይ አሥራ ሁለት ብልት ሆኖ ተቀምጧል። ንጥር ቅቤው፣ መከለሻውና የተቀቀለው እንቁላል ተራቸውን ይጠብቃሉ።

የአሥራ አራት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ደብተር ይዛ ከአጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። ከትምህርት ቤቷ የታሪክ የቤት ሥራ ተሰጥቷታል፤ የሥራው ርእስ የቤተሰባችሁን አንድ ምግብ ታሪክ ጠይቃችሁ ጻፉ የሚል ነው። ልጅቱ በካምፓላ የተወለደች፣ በእንግሊዝኛ የምትማር፣ ከጓደኞቿ ጋር በሉጋንዳ የምትጫወት ስትሆን አማርኛዋ የማድ ቤት አማርኛ ነው።

«ይህ ወጥ ከንግሥተ ሳባ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው ብለሽ ጻፊ» አሏት እማማ።

ከእኛ አንዱ ዝም ማለት አልቻለም። «እማማ፣ በርበሬ እኮ የመጣው ከአሜሪካ ነው። በንግሥተ ሳባ ጊዜ በአፍሪካ ምድር በርበሬ አልነበረም» አለ። የቀረነውም የታሪክ መምህራን ነንና ራሳችንን በመነቅነቅ ደገፍነው።

እማማ ማማሰያውን በድስቱ ጠርዝ ላይ አሳረፉና «እንግዲህ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እናንተ ታውቃላችሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ በዚያ ማታ ስለ ወጡ አንድ ቃል አልተናገሩም። ልጅቱም ደብተሯን ዘጋች። «ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» እንዲሉ፣ ያወቅነውን ለማሳየት ስንጭር ያወጣነው ቢላዋ የሴትዮዋን ትዝታ ቆረጠው።

የተናገርነው ነገር ሐሰት አልነበረም። ይሁን እንጂ የሠራነው ሥራ ትክክል ነበር ወይ? ይህን ጥያቄ ለመመለስ በቅድሚያ ታሪኩን እንመልከት።

ዶሮዋ የመጣችበት መንገድ

የዶሮ ዝርያ መገኛ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። በ2022 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ዶሮ ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው ከዛሬ 3,500 ዓመት ገደማ በፊት በታይላንድ አካባቢ እንደሆነና ይህም ከሩዝና ከማሽላ መሰል እህሎች እርሻ መስፋፋት ጋር የተያያዘ እንደሆነ ያመለክታል። የጫካዋ ዶሮ በእርሻና በጎተራ ዙሪያ የወደቀውን እህል ለመልቀም ስትመጣ በዚያው ቀረች ማለት ነው።

ወደ እኛ አህጉር ስንመጣ ኢትዮጵያ ልዩ ስፍራ አላት። በምሥራቅ ትግራይ መዝበር በሚባል፣ ከአክሱም ዘመን በፊት ሰዎች ይኖሩበት በነበረ ስፍራ በተደረገ ቁፋሮ የዶሮ አጥንቶች ተገኝተዋል። ኢትዮጵያዊቷ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያ ሕሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ ባደረጉት ጥናት እነዚህ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው ሺህ ዓመት የመጀመሪያ ክፍለ ዘመናት የሚመደቡ ሆነው ተገኝተዋል። ጥናቱ በወጣበት ጊዜ በአፍሪካ ከታወቁት የዶሮ አጥንቶች ሁሉ ቀዳሚዎቹ ነበሩ። ስፍራው የነገሥታት ከተማ ሳይሆን የገበሬዎች መንደር መሆኑም ልብ ሊባል ይገባዋል።

እንግዲህ እማማ ስለ ዶሮዋ የተናገሩት እኛ በዚያ ማታ እንዳሰብነው ከእውነት የራቀ አልነበረም። ዶሮ በሰሜን ኢትዮጵያ ጓሮ መጫር ከጀመረች ከ2,500 ዓመት በላይ ሆኗታል። እኛ ግን ሽሮ ለማድረግ የቸኮልነው ስለ በርበሬው ብቻ አስበን ነው።

የበርበሬና የኦቾሎኒ ጉዳይ

በርበሬ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው። ኮሎምቦስ በ1492 ወደዚያ ከተሻገረ በኋላ ወደ አውሮፓ፣ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ተሠራጨ። በመሆኑም የሕንድ ቀይ ወጥም ሆነ የሀንጋሪ ቀይ ቅመም ከ16ኛው ክፍለ ዘመን አይቀድምም። በኢትዮጵያም ዛሬ የምናውቀው ቀይ ወጥ ከዚያ ወዲህ የተፈጠረ ነው። ከዚያ በፊት አባቶቻችንና እናቶቻችን ምግባቸውን የሚያጣፍጡባቸው ቅመሞች ግን አልጠፉም። ኮረሪማና ጥምዝ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች የሚበቅሉ ናቸው፤ ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬም በቀይ ባሕር ንግድ ይመጡ ነበር። ዛሬም በበርበሬ ድብልቅና በመከለሻ ውስጥ ኮረሪማ መግባቱ አሮጌው ቅመም ለአዲሱ ቦታ ለቀቀለት እንጂ ከቤት እንዳልወጣ ያሳያል።

በኡጋንዳ የሚሆነውም ከዚህ የተለየ አይደለም። በቡጋንዳ የተከበረው የዶሮ ወጥ ሉዎምቦ ይባላል። ለሉዎምቦ ለጋ የሙዝ ቅጠል ተመርጦ በእሳት ወላፈን ይለሰልሳል፤ የመሀል አጥንቱ ይወጣለታል። በእሳት ገረፍ የተደረገ የዶሮ ሥጋና የኦቾሎኒ መረቅ በቅጠሉ ውስጥ ተደርጎ በሙዝ ልጥ ይታሰራል፤ ከዚያም ማቶኬ የተባለው የሙዝ ምግብ በሚበስልበት ድስት ላይ ተቀምጦ በእንፋሎት ለሰዓታት ይበስላል። ድፎ ዳቦ በኮባ ሲጋገር ያየ ሰው የቅጠሉን ሽታ አይስተውም። ሙዝ ከእስያ፣ ዶሮም ከእስያ፣ ኦቾሎኒ ደግሞ ከደቡብ አሜሪካ የመጡ ናቸው። ከዚህ ሌላ በካምፓላ በየቤቱ በሚሠራው ተራ የዶሮ ወጥ የሕንድ የካሪ ቅመም ሲገባበት ይታያል። ይህም ከ1896 ጀምሮ ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ከተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ሥራና ሥራውን ተከትሎ ከመጡት ሕንዳውያን ጋር የተያያዘ ነው።

በአንጻሩ ሁለቱ አገሮች የሚጋሩት የራሳቸው እህል አለ። ዳጉሳ ከኢትዮጵያ እስከ ኡጋንዳ በተዘረጋው ደጋማ ምድር ከዱር ተለምዶ ለእርሻ የበቃ እህል ነው። ካምፓላ ውስጥ ጤፍ ሲወደድ አንዳንድ የኢትዮጵያ እናቶች በእንጀራው ሊጥ ላይ የዳጉሳ ዱቄት መጨመራቸው እንግዳ ነገር መስሎን ነበር። ነገሩን ስንመረምረው ግን ዳጉሳ ለጎጃም ሰውም ለኡጋንዳ ሰውም የቤት እህል ነው።

ሁለት ቤተ መንግሥታት በአንድ ዓመት

የምግብ ታሪክ የተክልና የእንስሳት ጉዞ ብቻ አይደለም። ሥልጣንም ድርሻ አለው። ለዚህም በ1887 የተከሰቱ ናቸው የሚባሉ ሁለት ነገሮችን ማነጻጸር ይጠቅማል።

በካምፓላ እንደሚነገረው፣ ሉዎምቦን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘጋጀው የካባካ ምዋንጋ ወጥ ቤት የነበረው ካዉታ የተባለ ሰው ሲሆን ጊዜውም 1887 ነው። ካባካ የቡጋንዳ ንጉሥ መጠሪያ ነው። ምዋንጋ በ1884 ነግሦ ቤተ መንግሥቱን በመንጎ ኮረብታ ላይ ያደረገ ሲሆን፣ በመጨረሻ በእንግሊዞች ተግዞ በ1903 በሲሼልስ ደሴቶች የሞተ ንጉሥ ነው።

በዚያው በ1887 በእንጦጦ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ንግሥት ጣይቱ ብጡል ታላቅ ግብር አገቡ። የዳግማዊ ምኒልክን ዜና መዋዕል የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ይህን ግብር መዝግበውታል። ጄምስ ማካን የተባሉት የታሪክ ምሁር ስለ አፍሪካ ምግብ በጻፉት መጽሐፍ፣ የልዩ ልዩ አውራጃ ምግብ በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ የአንድ አገር ምግብ መልክ የያዘበት አጋጣሚ አድርገው ተርጉመውታል።

በእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች መካከል ልዩነት አለ። የእንጦጦው በጽሑፍ የቆየ፣ የመንጎው በቃል የወረደ ነው። የጽሑፉ ምንጭ የሚያጎላው የጋባዧን ስም ሲሆን፣ የቃሉ ምንጭ ደግሞ የንጉሡን ወጥ ቤት ስም አቆይቶልናል። ታሪክ ጸሐፊዎች በአብዛኛው ግብር ያገባውን እንጂ ሽንኩርት የከተፈውን አይጽፉም። ከዚህ አንጻር የቃል ትውፊት ጽሑፍ የሚተወውን ሰው ሊያስቀር እንደሚችል እንረዳለን። ካዉታ ሉዎምቦን ፈጠረው ወይስ ሕዝቡ በቅጠል ሲያበስል የኖረውን ለንጉሥ ገበታ አስጊጦ አቀረበው የሚለው ጥያቄ ለክርክር የሚበቃ ነው።

ማን ሠራ፣ ማን በላ?

የቤተሰብ ትዝታ የሚያስቀረው እንዳለ ሁሉ የሚሸፍነውም አለ። በሥልጠናው ላይ አብሮን የነበረ አንድ ኡጋንዳዊ መምህር ሉዎምቦ ሲጋብዘን ስለ ሴት አያቱ አጫወተን። አያቱ በመንደሩ በሉዎምቦ ሙያቸው የታወቁ ነበሩ። ዳሩ ግን በዕድሜያቸው ሙሉ የሠሩትን ዶሮ አንድ ቀን ሳይቀምሱ አለፉ። በድሮው የቡጋንዳ ሥርዓት ሴቶች ዶሮና እንቁላል እንዳይበሉ ይከለከሉ ነበርና ነው። ሥርዓቱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከትምህርትና ከኑሮ ለውጥ ጋር እየላላ ቢመጣም፣ አያቱ የለመዱትን አልተዉም። «የቤታችን ሰው ሁሉ የአያቴን ሉዎምቦ እንደሚጣፍጥ ያወራል፤ እሷ ግን ጣዕሙን አታውቀውም ነበር» አለን።

ዶሮ በቡጋንዳ የጋብቻ ሥርዓት ውስጥም ትልቅ ቦታ አላት። ክዋንጁላ በተባለው የማስተዋወቂያ በዓል ላይ ሙሽራው ለሙሽራይቱ ወንድም አውራ ዶሮ ያበረክታል። ይህ ዶሮ ሳይሰጥ ጋብቻው ጸና አይባልም።

ይህን ስንሰማ የራሳችንን ቤት ማስታወሳችን አልቀረም። በእኛም አገር አንዲት ልጅ ባለሙያ መሆኗ የሚመሰከረው ዶሮን አሥራ ሁለት ብልት አድርጋ ስታወጣ ነው፤ ቁጥሩን ከሐዋርያት ጋር የሚያያይዙትም አሉ። ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለክቡር እንግዳ ሲደርስ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጭስ ሲጠጡ ያደሩት እናት ግን ብዙ ጊዜ የሚበሉት ሰው ሁሉ ከጠገበ በኋላ የተረፈውን ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ የቤተሰቡን ምግብ ታሪክ ሲጽፍ ይህ ምግብ ከየት መጣ ብሎ ብቻ ሳይሆን ማን ሠራው፣ ማን በላው ብሎም መጠየቅ አለበት።

ወደ እማማ ቤት መመለስ

ካምፓላን ከመልቀቃችን በፊት ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ እማማ ቤት ተመለስን። በዚህ ጊዜ ጥያቄ የምትጠይቀው ልጅቱ እንድትሆን፣ እኛም ዝም ብለን እንድናዳምጥ ተስማማን። የረዳናት ጥያቄዎቹን በማዘጋጀት ብቻ ነው። ስለ ንግሥተ ሳባ የሚጠይቅ አንድም አልነበረም። ወጥ መሥራት ማን አስተማረሽ? ዕድሜሽ ስንት ነበር? ካምፓላ እንደመጣሽ የጎደለሽ ምን ነበር? በምን ተካሽው? የሚሉ ነበሩ።

እማማ በመጀመሪያ በቁጥብነት፣ ቀስ በቀስም በሰፊው መለሱ። እናታቸው ቁሌቱ መድረሱን የሚያውቁት በዓይን ሳይሆን በሽታው ነበር፤ ከምድጃው ርቀው ቡና እየወቀጡ «ደርሷል፣ አውርጂ» ይሏቸው ነበር። ካምፓላ በገቡ በመጀመሪያው ዓመት በርበሬ የሚልክላቸው ሰው አልነበረም። ከገበያ ቀይ ሚጥሚጣ መሰል ቃሪያ ገዝተው፣ በቆርቆሮ ጣራ ላይ አስጥተው፣ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ወቀጡት። «ያቃጥላል እንጂ አይጣፍጥም ነበር፤ ግን ፋሲካ ነውና በላነው» አሉ።

ልጅቱ በመጨረሻ ከእኛ ዝርዝር ውስጥ የሌለ ጥያቄ ጠየቀች። «እማማ፣ እኛ አራት ሰው ነን፤ ለምን ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ታደርጊዋለሽ?»

እማማ ጣታቸውን እያጠፉ መቁጠር ጀመሩ። ፈረሰኛው የአባታቸው ነው። ይህኛው በስደት መንገድ ላይ የተለዩአቸው የታላቅ ወንድማቸው ነው። ክንፉ የታናሽ እህታቸው ነው፤ ሕፃን ሳለች ከክንፍ ሌላ አልበላም ትል ነበር። እንዲህ እያሉ አሥራ ሁለቱንም ለባለቤታቸው አደሉ። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹን ልጅቱ ስማቸውን ሰምታ አታውቅም። ደብተሯን ከፍታ አሥራ ሁለት መስመር አሰመረችና በእያንዳንዱ ላይ ብልቱንና ስሙን ጻፈች። እኛም ያን ጊዜ የቤተሰቡን የትውልድ ሐረግ በዓይናችን አየነው።

ስሕተታችን የት ላይ እንደነበረ የተረዳነው ከዚህ በኋላ ነው። እማማ ስለ ንግሥተ ሳባ የተናገሩት ወጡ ከእናታቸው፣ ከእናታቸውም እናት የመጣ መሆኑን የሚገልጹበት ሌላ ቃል ስላልነበራቸው ነው። ስለ ሦስት ሺህ ዓመቱ ሊመሰክሩ አይችሉም፤ ስለ ሦስቱ ትውልድ ግን ከእሳቸው የበለጠ ምስክር የለም። እኛ ምስክሯን የማያውቁትን ጠይቀን አሳፈርናቸው፤ የሚያውቁትን ሳንጠይቃቸውም ልንሄድ ነበር። ይህ ሲባል በርበሬ ከአሜሪካ መምጣቱ ለልጅቱ አይነገራት ማለት አይደለም። ልጅቱ ሁለቱንም ጻፈች፤ ዶሮዋ ከእስያ፣ በርበሬው ከአሜሪካ፣ አሠራሩ ከቅድመ አያቷ እንደመጣ። እማማ ሲነበብላቸው «በርበሬውስ ይሁን፤ የእናቴን ስም በትክክል ጻፊልኝ» አሉ።

ለክፍል ሥራ

ይህን ትምህርት በክፍል ለመጠቀም ለሚፈልጉ መምህራን የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

1. ተማሪዎች በቤታቸው በበዓል ቀን የሚሠራ አንድ ምግብ ይምረጡ። የሚገቡበትን ነገሮች ይዘርዝሩ፤ የእያንዳንዱን ተክልና እንስሳ መገኛም በካርታ ላይ ያመልክቱ።

2. ምግቡን ከሚሠራው ሰው ጋር ቃለ መጠይቅ ያድርጉ። ሰውየው ወይም ሴትየዋ ራሳቸው ያዩትን፣ ከሌላ የሰሙትንና የሚያምኑትን በሦስት ዓምድ ለይተው ይጻፉ።

3. ማን እንደሚሠራው፣ ማን በቅድሚያ እንደሚበላው፣ ማን እንዳይበላ ይከለከል እንደነበር ይጠይቁ። ይህ በወላጆቻቸው ዕድሜ ተለውጦ እንደሆነም ይመርምሩ።

4. አንድ ነገር ሲጠፋ ወይም ሲወደድ በምን ይተካ እንደነበር ይጠይቁ። የድርቅ፣ የጦርነትና የስደት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚህ መልስ ውስጥ ነው።

5. የተጻፈው ሥራ ለተጠያቂው ይነበብለት፤ የሚያርመውም ካለ ይታረም።

ከአምስቱ መካከል አምስተኛው እንዳይዘነጋ አደራ እንላለን። ከቤተሰብ የተወሰደ ታሪክ በመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ከመታረሙ በፊት ወደ ወጣበት ማድ ቤት ተመልሶ መነበብ ይኖርበታል።